ፍላሹን ማን ያጽዳው?

— ጋሼ፣ ኮሌጁ በር ላይ ያለችውን ፎቶ ኮፒ ቤት ያውቋት የለ? ሦስቱንም ኮምፒውተሮች ትናንት ወደ ሊኑክስ ቀየርኩላቸው። ጨርሼ ሳስረክብ ባለቤቷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰለዎት? «አንቲቫይረሱ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

— ምን አልሻት?

— «ከእንግዲህ አያስፈልግሽም፤ ቫይረስ አይነካሽም» አልኳት።

— እዚህ ላይ ቸኩለሻል።

— ቤቱን ቢያዩት እንዲህ አይሉም ነበር። ዊንዶውሱ ክራክ ነው፤ አፕዴት ተደርጎ አያውቅም። አንቲቫይረሱም ክራክ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቀይ ምልክት ይዞ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ይሰካል፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኛቸዋል። እያለቀሰ የወጣ ልጅ እንዳለ ነግራኛለች። ሊኑክሱን ከጫንኩ በኋላ ከነዚያ ፍላሾች አንዱን ሰክቼ አሳየኋት። የተደበቀ ነገር የለም፤ ሁሉም ተራ ፋይል ሆኖ ተዘርግቷል። ስሙ ባዶ የሆነ አንድ ፎልደር አለ፤ የልጁ ጽሑፍ ሳይነካ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ ስክሪፕት አለ፤ ቫይረሱ እሱ ነው። የቀሩት ሁሉ ወደዚያ ስክሪፕት የሚመሩ ሾርትከቶች ናቸው። ስክሪፕቱን ሁለት ጊዜ ስጫነው የጽሑፍ ማረሚያው ከፈተልኝ። ስንት ሰው ያስለቀሰው ነገር እንደ ደብዳቤ ይነበባል!

— ማሳየትሽ ደግ ሥራ ነው። ቫይረስ ሰው የጻፈው ፕሮግራም እንጂ ሌላ ነገር አለመሆኑን በዓይኑ ያየ ሰው ፍርሃቱ ይቀንስለታል። እኔን ያሳሰበኝ «አይነካሽም» ያልሻት ነው። ቫይረስ ከማይክሮሶፍት ጋር አልተወለደም። ኤልክ ክሎነር የሚባለው በፍሎፒ ዲስክ ከሰው ወደ ሰው የተዛመተው በ1982 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። የተዛመተው ደግሞ በአፕል 2 ላይ ነው፤ የጻፈውም የ15 ዓመት ልጅ ነበር። በ1988 የሮበርት ሞሪስ ዎርም ኢንተርኔቱን ሲያሽመደምድ የገባባቸው 6,000 ያህል ናቸው የሚባሉት ማሽኖች ዩኒክስ ነበሩ። ያንቺ ሊኑክስም ሆነ ማክ የዚያ ቤት ዘመድ ናቸው።

— ከዚያ ቤት ስለሆነ ነው እኮ ቀድሞ የተማረው። ዩኒክስ ብዙ ሰው በአንድ ማሽን ላይ እንዲሠራበት ታስቦ ስለተሠራ የአንዱ ፋይል ከሌላው፣ የሲስተሙ ደግሞ ከሁሉም ተለይቶ ይቀመጣል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ነው የተነሳው። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ፕሮግራም «ይሂድ» ብዬ ፈቃድ ካልሰጠሁት ዝም ብሎ የተቀመጠ ፋይል ነው። ሲስተሙን መንካት ከፈለገ ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ፕሮግራም ሲያስፈልገኝም ያገኘሁት ገጽ ላይ ሁሉ «ዳውንሎድ» የሚለውን አልጫንም፤ ፊርማው ተረጋግጦ ከሲስተሙ የራሱ ማከማቻ ይመጣልኛል። ስታኦግ በ1996፣ ብሊስ በ1997 የሊኑክስ ቫይረሶች ተብለው ወጡ፤ ሁለቱም ሳይዛመቱ ቀሩ። አፈሩ አልተስማማቸውም።

— አፈሩ ነው ወይስ ገበያው? ሌባ ሰው የበዛበት ገበያ ነው የሚሄደው፤ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሊኑክስ ደግሞ ያን ጊዜም ዛሬም ጥቂት ነው። ጠረጴዛውን ተዪና ግድግዳውን እይ። ራውተሩና የጥበቃ ካሜራው በአብዛኛው ሊኑክስ ናቸው። በ2016 ሚራይ የተባለው አደገኛ ፕሮግራም የሰበሰበው እነዚህን ነው። ዘዴው ረቂቅ አልነበረም፤ ፋብሪካ የሰጣቸውን 60 ያህል የስምና የፓስወርድ ጥንዶች እየሞከረ ገባ። ኦክቶበር 21 ቀን በነዚሁ መሣሪያዎች የድረ ገጾችን አድራሻ የሚመራውን ዳይን የተባለ ድርጅት ሲመቱት አሜሪካ ውስጥ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። በ2017 ደግሞ ናያና የተባለ የደቡብ ኮሪያ ድርጅት 153 የሊኑክስ ሰርቨሮቹ ኤሬቡስ በተባለ ፋይል ቆላፊ ተቆልፈውበት አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማማ።

— ሁለቱም ለእኔ ነው የሚመሰክሩት። ካሜራው ላይ አንቲቫይረስ ይጫን ቢባል የት ይጫናል? የሚበቃ ራም የለው፣ ቦታ የለው። መድኃኒቱ ፓስወርዱን መቀየር ነበር። የናያና ድረ ገጽ የሚሠራበት ከርነል በ2008 የተዘጋጀ ነበር፤ አፓቼውና ፒኤችፒው ደግሞ የ2006 ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ክፍት የቆየ በር ላይ ዘበኛ ማቆም ምን ያደርጋል? መጀመሪያ በሩ ይዘጋ። እኔ ለባለቤቷ አፕዴቱ በራሱ እንዲመጣ አድርጌ ነው የሄድኩት።

— ጥሩ፤ በሩን ዘግተሻል፤ ወደ ውስጥ እንግባ። «ሲስተሙን መንካት ከፈለገ ፓስወርድ ይጠይቀኛል» ብለሻል። ሲስተሙን ነው የሚፈልገው ያለሽ ማነው? የሴትየዋ ሀብት ሲስተሙ አይደለም፤ ሲስተሙማ ቢጠፋ አንቺ በግማሽ ሰዓት ትመልሺላታለሽ። ሀብቷ የደንበኞቿ ሰነድ ነው፣ የቴሌግራም አካውንቷ ነው፣ ብሮውዘሩ ላይ ያስቀመጠችው ፓስወርድ ነው። ያ ሁሉ ያለው በራሷ ፎልደር፣ በራሷ ስም ነው። በስሟ የተነሳ ፕሮግራም ያንን ለማንበብም፣ ለመላክም፣ ለመቆለፍም ማንንም አያስፈቅድም። የዩኒክስ ግድግዳ ሰውን ከሰው ይለያል። የአንድን ሰው ፕሮግራም ከዚያው ሰው ፋይል ግን አይለይም።

— አልክድም። ግን ፕሮግራሙ መጀመሪያ በስሟ መነሳት አለበት። ማን ያስነሳዋል?

— እሷው፤ ወይም አንቺ። ፕሪንተሯን እንዴት አድርገሽ አስነሳሽላት?

— ድራይቨሩ ማከማቻው ውስጥ አልነበረም። ስፈልግ አንድ ገጽ ላይ አገኘሁት። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ኮፒ አድርጌ ተርሚናሉ ላይ ለጠፍኩት።

— ከፊቱ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው ሱዶ ነበረው?

— ነበረው።

— ፓስወርድ ጠየቀሽ?

— ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።

— ትእዛዙ ያወረደውን ስክሪፕት አንብበሽዋል?

— አላነበብኩትም። ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ፕሪንተሩም ሠራ፤ ወደ ሌላው ሥራ አለፍኩ። ጥፋት ነው ጋሼ፤ ነገ ሄጄ አነበዋለሁ። ነገር ግን ይህን ይመልሱልኝ። አንቲቫይረስ ቢኖር ያን ስክሪፕት ሲያይ ምን ይል ነበር? ፋይል አውርዶ በሲስተሙ ሙሉ ሥልጣን የሚጭን ስክሪፕት የሊኑክስ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ለሊኑክስ የሚሆነውን አንቲቫይረስ፣ ክላምኤቪን፣ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሞክሬዋለሁ። ለመፈተሻ ተብላ የተሠራች ኤይካር የምትባል ፋይል አለች፤ ርዝመቷ 68 ፊደል ነው፤ ምንም ጉዳት የላትም። ጻፍኩለት፤ ወዲያው ያዛት። ከዚያ እኔው ሦስት መስመር ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ፎቶዎቼን ሁሉ ካሉበት አንስቶ የሚደብቅ። «ኦኬ» አለኝ። እንዲያውቀው የተነገረውን አወቀ፤ ያልተነገረውን አላወቀም። በዚህ አልወቅሰውም። የሚያስፈራኝ ባለቤቷ ያቺን «ኦኬ» እንዴት እንደምትሰማት ነው። ያ ቀይ ምልክት የነበረው አንቲቫይረስ እኮ ድሮ አረንጓዴ ነበር፤ አረንጓዴ ሳለ ነው ማንንም ፍላሽ ያለ ሐሳብ መሰካት የለመደችው።

— የለመደችውን ያስለመዳት አረንጓዴው ምልክት ከሆነ፣ «ቫይረስ አይነካሽም» የሚለው ያንቺ ቃል ምን ሊያስለምዳት ነው? ከአረንጓዴው የባሰ አረንጓዴ ነው እኮ። ምልክቱስ ቢያንስ አንድ ቀን ወደ ቀይ ይዞራል። ያንቺ ቃል ቀይ የለውም።

— ...ይህ ልክ ነው። ቃሉን አነሳለሁ። ግን ቃሌን ማንሳት አንድ ነገር ነው፤ አንቲቫይረስ መጫን ሌላ ነገር ነው።

— የማክን ነገር እንይ እንግዲህ። ስንት ዓመት ሙሉ «ማክ ቫይረስ አይዘውም» ሲባል ኖረ። አፕል ግን በ2009 ኤክስፕሮቴክትን ከሲስተሙ ጋር አብሮ ሰፋው። የታወቁ አደገኛ ፋይሎችን በምልክታቸው ይለያል፤ ስሙን አንቲቫይረስ አላሉትም እንጂ ሥራው ያው ነው። በ2012 ፍላሽባክ በጃቫ ቀዳዳ ገብቶ ከ600,000 በላይ ማኮችን ያዘ። በ2016 ኪሬንጀር የተባለው ፋይል ቆላፊ ትራንስሚሽን ከሚባለው ፕሮግራም ጋር ተጣብቆ፣ ከፕሮግራሙ ከራሱ ድረ ገጽ ወረደ። በ2021 የአፕል የሶፍትዌር ኃላፊ ክሬግ ፌዴሪጊ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ማክ ላይ ያለው የአደገኛ ሶፍትዌር መጠን የምንቀበለው አይደለም ብሎ መሰከረ። ባለቤቱ እንዲህ ካለ እኛ ምን ቤት ነን?

— አፕል የሰፋው ከራሱ ልብስ ላይ ነው፤ ሲስተሙን የሠራ ሰው የጨመረው ነው። እኔ የምጠላው ከውጭ የሚመጣውን ነው። ያስቡት፤ አንቲቫይረስ ማለት ማንም የማያምነውን ፋይል ሁሉ እየከፈተ የሚያይ፣ ብዙ ጊዜም ትልቅ ሥልጣን የተሰጠው ፕሮግራም ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ክላምኤቪ ራሱ ላይ አደገኛ ቀዳዳ ተገኘ፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፋይል ለምርመራ ሲከፍት የአጥቂው ኮድ እዚያው በመርማሪው ውስጥ ሊሠራ ይችል ነበር። ሰው ያልነካውን ፋይል መርማሪው ነክቶ ይያዛል ማለት ነው። ቀዳዳው ተደፈነ፤ አመሰግናለሁ። ግን አንቲቫይረሱ ባይኖር ያ ፋይል ማንንም አይጎዳም ነበር። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ሥራ ፈቱ። በዚያ ቀን አጥቂ አልነበረም፤ የጣላቸው ጠባቂያቸው ነው። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ደግሞ ብዙ የሊኑክስ ማሽኖችን ለአጥቂ ሊከፍት የነበረውን፣ ኤክስዚ በተባለው የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተሰወረውን ጉድ ማን አገኘው? አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ። ወደ ማሽኑ በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት፤ ለምን ብሎ ተከታተለው፤ መጨረሻው ላይ ስውር በር አገኘ። ኮዱ በአደባባይ ስለተቀመጠ ነው እስከ ሥሩ ሊሄድበት የቻለው።

— ያን ቀን ያ ሰው ሌላ ሥራ ቢይዘውስ? ግማሽ ሰከንዱን ቸል ቢለውስ? ሰውየው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ግን የአንድን ሰው ንቃት እንደ መከላከያ ልትቆጥሪው አትችይም። ደግሞ በየት እንደገባ አትርሺ። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ እያገዘ፣ ብቻውን ደክሞት የነበረውን የፕሮግራሙን ባለቤት እየተጠጋ፣ በመጨረሻ አደራው እጁ ገባ። መርዙ አንዳንድ የሊኑክስ ሲስተሞች የሙከራ ማከማቻ ድረስ ደርሶ ነበር፤ አንቺ በምትመኪበት በተፈረመው መንገድ። ሊኑክስ ሚንት በተባለው ሲስተምም በ2016 ተመሳሳይ ነገር ደርሷል፤ ፌብሩዋሪ 20 ቀን ድረ ገጹ ተሰብሮ ሲስተሙን ያወረዱ ሰዎች ስውር በር ያለበትን ቅጂ ነው የወሰዱት። ገና ሲጫን ጀምሮ የተያዘ ኮምፒውተር!

— የሚንት ሰዎች ራሳቸው ቶሎ ተናገሩ፤ የፋይሉን ማረጋገጫ ቁጥር ያመሳከረ ሰውም አይሸወድም ነበር።

— ትናንት አመሳክረሻል?

— አዎ፤ ሦስቱን የጫንኩበትን ፍላሽ ከማዘጋጀቴ በፊት አመሳክሬያለሁ። እሱን ትቼ አላውቅም።

— ጎበዝ። ይህን እንዳንቺ የሚያደርግ ብዙ ሰው አላውቅም። አሁን ደግሞ ወደ አገራችን ልምጣ። በ2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም አገኘ፤ ማጥመጃው የግንቦት 7 ሰዎች ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶ አያለሁ ብሎ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩን አስረከበ ማለት ነው። ያ የዊንዶውስ ነበር። በ2020 አምነስቲ ኢንተርናሽናል የዚሁ ፕሮግራም የሊኑክስና የማክ ቅጂዎች መኖራቸውን አወጣ። የሚፈልግሽ ሰው ካለ በምትለብሺው ልክ ይሰፋልሻል፤ «ሊኑክስ ነኝ» ማለት አያድንም።

— ለእንዲህ ዓይነቱ ደግሞ አንቲቫይረስ ከንቱ ነው። ሻጮቹ ገበያ ከማውጣታቸው በፊት በአንቲቫይረሶች ሁሉ ላይ መፈተናቸው አይቀርም።

— የመጀመሪያው ቀን ከንቱ ነው። ከታወቀ በኋላስ? ምልክቱ ይመዘገባል፤ ስካን ያደረገ ሰው ከስድስት ወር በፊት መያዙን ዛሬ ያውቃል። ፓስወርዱን ይቀይራል፣ የሚያገኛቸውን ሰዎች ያስጠነቅቃል። ምንም የሌለው ሰው መቼ ነው የሚያውቀው? እኔ ሃያ ዓመት ሰርቨር ስጠብቅ ያቃጠለኝ የገባው ሌባ አይደለም። አንድ ጊዜ ሌባው ገብቶ አምስት ወር አብሮን ከርሞ ነበር፤ እኔ በየቀኑ ቡና እየጠጣሁ ከፊት ለፊቱ እቀመጥ ነበር። ያ ማሽን ሊኑክስ ነበር። ስካን የሚያደርግ ነገር አልጫንኩበትም ነበር፤ ሊኑክስ ነዋ! የተጠቀሙበት ፕሮግራም ደግሞ አዲስ አልነበረም፤ ማንኛውም መርማሪ በስሙ የሚያውቀው ነው።

— ይህን ነግረውኝ አያውቁም።

— ለማንም አልተናገርኩትም። ቀጥዪ። ለሴትየዋ ዋይንን ጭነሻል?

— ጭኛለሁ። የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሟ የዊንዶውስ ነው፤ ካለሱ አልሠራም አለች።

— እንግዲያው የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያስነሳ ነገር ሊኑክሷ ላይ አለ። ዋይን ሲጫን ዜድ የሚባል ድራይቭ ይፈጥራል፤ ዜድ የሚያሳየው የሊኑክሱን ፋይል ሁሉ ነው። ፍላሽ ላይ የመጣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ቢጫንና በዋይን ቢነሳ የእሷን ሰነዶች በዜድ በኩል ያያቸዋል። እንደ ደብዳቤ የሚነበብ ነው ያልሽው፣ ሁሉም አይነበብም፤ የሚነሳም አለ።

— ዜድን አጠፋዋለሁ።

— አጥፊው። ግን ዋይን የተሠራው ፕሮግራም እንዲያስነሳ ነው እንጂ ፕሮግራም አስሮ እንዲይዝ አይደለም፤ ዜድ ባይኖርም ተንኮለኛ መንገድ ያገኛል።

— እሺ፤ መጻፊያውን ለአንዱ ኮምፒውተር ብቻ ልተው፣ ፍላሽ የማይሰካበት። ...ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉኝን ሁሉ ብሰማ ግን የምጭነው ምንድን ነው? ከኮምፒውተሮቿ ሁለቱ 4 ጊጋ ራም ናቸው። ክላምኤቪ ሁልጊዜ በርቶ ይቆይ ካልኩት የቫይረስ ምልክቶቹን መዝገብ ብቻ ለመያዝ ከራሙ ብዙ ይወስዳል። መዝገቡን መጀመሪያ ማውረድ ራሱ ብዙ ሜጋባይት ይበላል፤ ከዚያ በየቀኑ ይታደሳል። ኔትወርክ የሚቆርጥበት ሰፈር ነው፤ ካርድ የምትሞላው ከኪሷ ነው። ካልታደሰ ደግሞ ያው የድሮው ቀይ ምልክት ይሆናል። ሰኔ ሲደርስ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከዘገየባት በሁለተኛው ቀን ታጠፋዋለች። የማይቆይ ጥበቃ ከምተክል ብሮውዘሩን፣ አፕዴቱን፣ ባክአፑን በደንብ ባስተካክል አይሻልም?

— ለእሷ ኮምፒውተር የምትዪው ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትናንት ያሳየሻት ፍላሽ፣ ስክሪፕቱን አጠፋሽው?

— አጠፋሁት፤ ሾርትከቶቹንም።

— እሷስ ነገ ታጠፋዋለች?

— ...አታጠፋም። ፋይሉን ከፍታ ታትማለች። ቫይረሱ ለእሷ አሁን ምኗም አይደለም።

— ምኗም ስላልሆነ ነዋ። ድሮ ስትያዝ ትጮህ ነበር፤ ደንበኛውም ይሰማ ነበር። አሁን ፍላሹ ገብቶ ይወጣል፤ ቤቱ ሰላም ነው። ያ ልጅ ከእሷ ቤት ወጥቶ ፍላሹን የት ነው የሚሰካው?

— የአማካሪው ላፕቶፕ ላይ።

— ላፕቶፑ ምንድን ነው?

— ዊንዶውስ ነው የሚሆነው።

— ከዚያስ?

— ከዚያ የሌሎቹ ተማሪዎች ፍላሽ። ...ገባኝ ጋሼ። ግን ልክ አይመስለኝም። የዊንዶውስን ጣጣ እሷ ለምን ትሸከማለች? አማካሪው የራሱን ላፕቶፕ ይጠብቅ። እሷ ያልያዘችውን በሽታ እንድትመረምር፣ ያውም ራሟንና ካርዷን ከፍላ?

— በቀን ስንት ፍላሽ ነው በእጇ የሚያልፈው?

— በሰኔ ከመቶ በላይ ይሆናል።

— በዚያ ሰፈር መቶ ፍላሽ የሚያልፍበት ሌላ እጅ አለ?

— የለም።

— እኔ የጠየቅኩሽ ይህንን ነው።

— እንግዲህ አንዷን ኮምፒውተር ለይቼ፣ ባለ 8 ጊጋዋን፣ ፍላሽ መቀበያ ላደርጋት እችላለሁ። ክላምኤቪ ሁልጊዜ አይበራም፤ ፍላሽ ሲሰካ ብቻ እሱን ያያል። መዝገቡን እኔ በየሳምንቱ ቤቴ አውርጄ አመጣላታለሁ። ግን አረንጓዴ ምልክት አልሠራለትም፤ «ኦኬ» የሚል ቃልም አይወጣም። ያገኘውን ብቻ ስሙን ይጻፍ፤ ካላገኘ ዝም ይበል።

— ዝም ካለ ልጁ ፍላሹ ንጹሕ መሆኑን በምን ያውቃል?

— አያውቅማ። እኔም አላውቅም። አላውቅም የሚለውን ነው እንዲያይ የምፈልገው።

— ያን ልጅ አስቢው፤ ነገ ማቅረብ ያለበት ጽሑፍ በእጁ ነው፤ ከኋላው ሰው ተሰልፏል። ዝምታውን ምን ብሎ ነው የሚተረጉመው?

— ...«ንጹሕ ነው» ብሎ።

— ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?

— ነገ ስትከፍት ቀድሜ እደርሳለሁ። መጀመሪያ የፕሪንተሩን ስክሪፕት አነባለሁ።